ቤቱን ማን አስረጀው?

ያደግኩበት ቤት አሁን የለም። ቦታው ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የሚያማምሩ መብራቶችና ገና ጥላ ያልያዙ ችግኞች አሉ። ባለፈው ሰሞን በዚያ ሳልፍ በራችን የት ጋ እንደነበር ለመለየት ቆም ብዬ አየሁ። ምልክት የማደርገው ነገር አጣሁ። መታጠፊያው የለም፣ የጎረቤቶቻችን አጥር የለም፣ ቀን ከሌት የሚያንጠባጥበው ቦኖም የለም።

ስለ ቤቱ ትንሽ ልንገራችሁና ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

አራዳ ውስጥ ነው። በአንድ ወቅት የአንድ ባለጸጋ መኖሪያ የነበረ፣ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ጭቃና እንጨት የሆነ፣ ባለ ሰገነት ቤት። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ለስድስት አባወራ ተከፋፈለ። ለእኛ ቤተሰብ የደረሰው የሳሎኑ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ በቺፑድ ግድግዳ ማዶ ነበር፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው ከዚህ ማዶ ሆነን ነው። ኮርኒሱ አቡጀዲ ስለነበር ክረምት በገባ ቁጥር እንደ እርጉዝ ሆድ ይወጠራል፤ ከሥሩ ሳፋ፣ ባልዲ፣ አንዳንዴም ድስት እንደረድራለን።

እናቴ ቆርቆሮውን በራሷ ወጪ ለመቀየር አመለከተች። እቁብ ደርሷት ስለነበር ብሩ እጇ ላይ ነበር። ብዙ ከተመላለሰች በኋላ የተሰጣት መልስ አጭር ነው፤ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ስለተያዘ ማደስ አይቻልም። ይህ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። 2016 ዓ.ም. ላይ ቤቱ ሊፈርስ ሲል የተነገረን ምክንያት ደግሞ ቤቱ ያረጀና ለነዋሪ አደገኛ መሆኑ ነው።

የቢሮውን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ብዙዎቻችሁ የራሳችሁ ቢሮ አላችሁ። እኔን የሚያስገርመኝ የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ እንዳናድሰው ተከለከልን፤ ቀጥሎ ያልታደሰ ነው ተብሎ ፈረሰ።

ስለዚህ «አሮጌ ቤት ይጠበቅ ወይስ ይፍረስ?» የሚል ክርክር በሰማሁ ቁጥር አንድ ሌላ ጥያቄ ይቀድምብኛል። ቤቱን ማን አስረጀው?

◆ ሁለቱ ጎራዎች

ክርክሩን ታውቁታላችሁ። የኮሪደር ልማቱ በ2016 አጋማሽ ፒያሳ ሲደርስ፣ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ሲነሱ፣ ቀጥሎም በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ተራው ሲደርሰው፣ ማኅበራዊ ሚዲያው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን የድሮ ፎቶ እየለጠፈ «ታሪካችን ጠፋ» አለ። ሌላው «ጭቃ ቤት ደግሞ መቼ ነው ቅርስ የሆነው? እስቲ አንተ ግባና ኑርበት!» ብሎ መለሰ።

እኔ የኖርኩበት ሰው ስለሆንኩ ከሁለተኛው ልጀምር። ሰውዬው እውነት አለው። ስድስት አባወራ በአንድ ሽንት ቤት ሲጠቀም ምን እንደሚመስል በፎቶ አይታይም። እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት መንገድ ውስጥ እንደምንኖር ሁላችንም እናውቅ ነበር። የወንዙ ዳር ነዋሪዎች ክረምት ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያድሩ ነበር። ናፍቆት ፍሳሽ አያስወግድም። ዛሬ እናቴን ብትጠይቋት ወደዚያ ቤት መመለስ አትፈልግም። ኮንዶሚኒየም ላይ የራሷ ወጥ ቤት፣ የራሷ ሽንት ቤት አላት፤ በሩን ዘግታ መተኛት የለመደችው በስተርጅናዋ ነው። በየወሩ በ23 ግን ሁለት ታክሲ ይዛ አራዳ ጊዮርጊስ ትመጣለች። ከቅዳሴ በኋላ ከድሮ ጎረቤቶቿ ጋር ቅጥሩ ውስጥ ቆመው ይጫወታሉ፤ ድሮ በረንዳ ላይ የነበረው ወሬ አሁን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ገብቷል።

የመጀመሪያውም ወገን እውነት አለው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች መቶ ሠላሳ እና መቶ አርባ ዓመት ገደማ ነው። ለከተማ ይህ የልጅነት ዕድሜ ነው። የመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ምን ይመስሉ እንደነበር በዓይን የሚያሳዩን ያ የድንጋይ፣ የጭቃና የእንጨት ሥራ፣ ያ ሰገነት፣ ያ የአርመንና የሕንድ ግንበኞች ከሀገሬው አናጺ ጋር የሠሩት ጥልፍ የመሰለ እንጨት ናቸው። ዛሬ ያንን እንደገና ሥራ ብትሉት የሚሠራው አናጺ በቀላሉ አይገኝም። ከቤቱ ጋር የሚፈርሰውም ግድግዳ ብቻ አይደለም። እድሩ፣ እቁቡ፣ ጉልቱ፣ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ አብረው ይበተናሉ። ከካዛንቺስ ተነስቶ ገላን ጉራ የገባ ሰው የተሻለ ቤት ሊያገኝ ይችላል፤ ደንበኞቹን ግን ይዞ አይሄድም።

ሁለቱም እውነት ከሆነ ታዲያ ለምን አንስማማም? እንደ እኔ የሁለቱም ስህተት አንድ ነው። ቤቱን ያስረጀው ዕድሜ እንደሆነ አድርገው መነሳታቸው።

◆ ባለቤት ያጣ ቤት

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አዋጁ በጊዜው የብዙ ድሃ ተከራይን እንባ ያበሰ ነው፤ ያንን መካድ ታሪክን መካድ ነው። የወር ኪራያቸው እስከ 300 ብር የነበሩ ቤቶች እንደ መጠናቸው ከ15 እስከ 50 በመቶ ቅናሽ ተደረገላቸው። እስከ 100 ብር የሚከራዩት በቀበሌ ሥር ሲሆኑ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኪራዩ ባለበት ቆመ። የሲሚንቶ ዋጋ ሄደ፣ የቆርቆሮ ዋጋ ሄደ፣ የአናጺ ዋጋ ሄደ፤ የቀበሌ ቤት ኪራይ ግን ከአርባ ዓመት በላይ በዚያው ቦታ ተቀመጠ። እኛ በወር የምንከፍለው ብር አንድ ኪሎ ሙዝ አይገዛም ነበር። በዚያ ገንዘብ ቀበሌው ምን ሊጠግን ይችላል? ምንም። ተከራዩስ ለምን ይጠግን? ቤቱ የእሱ አይደለም፤ ነገ ውጣ ሊባል ይችላል፤ ለማደስም ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ቋንቋችን «ባለቤት» የሚለውን ቃል ከቤት ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ለአንድ ነገር ተጠያቂ የሆነውን ሰው የምንጠራው በቤት ነው። አባቶችም «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። የከተማችን አሮጌ ቤቶች አጥር ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ የተነቀነቀው የሚናቅም የሚከበርም ባለቤት ስላልነበራቸው ነው። አከራዩ መንግሥት አይጠግንም፤ ተከራዩ መጠገን አይፈቀድለትም፤ የድሮው ባለቤት ወይ ሞቷል ወይ ተሰዷል። ጣሪያው ሲያፈስ የሚደነግጥ ሰው እንጂ የሚወስን ሰው የለም።

ጭቃ ቤት በራሱ ደካማ ነው የሚለውንም ክርክር አልቀበልም። ጭቃ ቤት ሁለት ነገር ይፈልጋል። ከላይ ደህና ጣሪያ፣ ከታች ውሃ የማይገባበት መሠረት። በየጊዜው ከተመረገ ልጅና የልጅ ልጅ ያሳድጋል። ጣሪያው ከተበሳ ግን ግድግዳው በጥቂት ክረምቶች ውስጥ ይሟሟል። የእኛ ቤት የሟሟው መቶ ዓመት ስለሞላው አይደለም። ከመቶ ዓመቱ የመጨረሻዎቹን አርባ ያለ ጥገና ስላሳለፈ ነው። ፎቅም ቢሆን አርባ ዓመት ያለ ጥገና ተዉትና እዩት።

በዚህ ላይ የሊዙ ነገር አለ። በሕገ መንግሥታችን መሬት የግል አይደለም፤ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ከተሞች መሬትን በጨረታና በምደባ ያስተላልፋሉ። ለከተማ አስተዳደር በአሮጌ ቤት የተያዘ መሬት በዓመት የሚያስገባው ጥቂት ነው፤ ባዶ የሆነ የፒያሳ መሬት ግን ወርቅ ነው። እንግዲህ አስቡት። ቤቱን የሚያከራየው፣ ለእድሳት ፈቃድ የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው፣ «አርጅቷል» ብሎ የሚወስነውና ከፈረሰ በኋላ መሬቱን የሚያስተላልፈው አንድ አካል ነው። ይህን የምለው ማንንም በሌብነት ለመክሰስ አይደለም። በጣም ቅን ሰው ብታስቀምጡበት እንኳ ሚዛኑ ወደ መፍረስ ያዘነብላል።

◆ መዝገቡ ላይ ያለና የሌለ

«ቅርስ ተብለው የተመዘገቡት አልተነኩም» የሚል መልስ በተደጋጋሚ ሰምተናል። መልሱ እውነት ነው ብለን እንቀበለውና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንሂድ። የመዘገበው ማን ነው? በምን መስፈርት? ያልተመዘገበውስ ያልተመዘገበው ታይቶ ነው ወይስ ሳይታይ?

ሕግ የለንም አይባልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለን። የማይንቀሳቀስ ቅርስን ያለ ፈቃድ መንካት ይከለክላል፤ ባለይዞታውም እንዲንከባከበው ያስገድዳል። ነገር ግን የቀበሌ ቤት ባለይዞታ ማን ነው? መንግሥት። እንክብካቤ ባለማድረጉ የሚጠይቀውስ ማን ነው? ያው መንግሥት። አንዱ ክንፍ ሌላውን ክንፍ ካልጠየቀ አዋጁ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ዝርዝሩም ጉዳይ ነው። አንድ ተራ ነዋሪ፣ «የምኖርበት ቤት መዝገብ ላይ አለ ወይ?» ብሎ በስልኩ ወይም በወረዳው ሰሌዳ ላይ በቀላሉ ማየት መቻል ነበረበት። አንድ ቤት ከመዝገብ ሲወጣ ማን፣ መቼና ለምን እንዳወጣው መጻፍ አለበት። ይህ ለሀገር ምስጢር የሚሆን ነገር አይደለም። እኔ በሙያዬ ሰነድ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ የምዞር ሰው ነኝ፤ የቤታችንን ጉዳይ ግን አንድም ቀን በሰነድ አይቼው አላውቅም። ያየሁት በግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ብቻ ነው።

◆ ማዳን እንችል የለም ወይ?

አንዳንዱ ሰው «ድሃ ሀገር ቅርስ የመጠበቅ አቅም የላትም» ይላል። ይህንን የሚያፈርሰው ራሱ መንግሥት የሠራው ሥራ ነው።

የምኒልክን ግቢ ተመልከቱ። ለዘመናት ሕዝብ ከአጥሩ ውጪ ብቻ ያየው የነበረው ቤተ መንግሥት ታድሶ መስከረም 2012 ላይ አንድነት ፓርክ ተብሎ ተከፈተ። አሮጌዎቹ አዳራሾች አልፈረሱም፤ ዛሬ ሰው በቲኬት ይገባባቸዋል። አፍሪካ አዳራሽን ተመልከቱ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥራ ያለበት ያ ሕንፃ ዓመታት በፈጀ እድሳት ጥንቱን ሳይለቅ ዘምኖ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። የማዘጋጃ ቤቱም ሕንፃ ታድሷል። ከመስቀል አደባባይ ከፍ ብሎ ያለው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ደግሞ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ያገለግላል።

አቅሙ አለ ማለት ነው። ባለሙያውም አለ፤ አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒስ ጄራርድ እነዚህን የድሮ ቤቶች አንድ በአንድ ያሳዩበት መጽሐፍ ከታተመ ብዙ ዓመት አልፎታል። የሚጎድለው ሌላ ነገር ነው። ያዳንነው በአብዛኛው የቤተ መንግሥትና የታላላቅ ተቋማትን ሕንፃ ነው። የነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያው፣ የጸሐፊው፣ የጠጅ ቤት ባለቤቷ፣ የተራው ሰው ቤት ግን «ለኑሮ የማይመች» በሚል አንድ ቃል ተጠቃሎ ይነሳል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 2016 ፒያሳ ላይ ሲመረቅ በኩራት አይቻለሁ፤ የሚገባም ሥራ ነው። ዓድዋ የዘመቱት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የኖሩባቸው መንደሮች ግን ከዚያ በእግር የሚደረሱ ነበሩ። ለድሉ አዲስ ሕንፃ ስንሠራ የዘመኑን አሮጌ ቤቶች ጥቂቶቹን እንኳ አብረን ብንይዝ መታሰቢያው ምንኛ በበለጸገ ነበር።

ማዳን ማለት ደግሞ ዙሪያውን በገመድ አጥሮ «አትንኩ» ማለት አይደለም። የሰው እንቅስቃሴ የሌለበት አሮጌ ቤት ዞሮ ዞሮ ይፈርሳል። ጣይቱ ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ሆቴል ስለሆነ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 በደረሰበት ቃጠሎ የተወሰነው ክፍል ሲጠፋም የተቀረው የተጠገነው ገቢ ያለው፣ እንግዳ የሚገባበት፣ የሚያስብለት ሰው ያለው ቤት ስለሆነ ነው። ሐረር ጁገልን ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የግንቡ ውስጥ ከተማ 82 መስጊዶች አሉት፤ ሰው ግን ለማየት የሚጓጓው መደብ መደብ ሆኖ የተሠራውን፣ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ያጌጠውን የሐረሪ ቤት ጭምር ነው። ያ ቤት ዛሬም የቤተሰብ መኖሪያ ነው፤ አንዳንዱም እንግዳ ያሳድራል። ጁገል የቆመው ሰው ስለሚኖርበት ነው።

◆ «የማን ታሪክ ነው?»

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ሳልመልሰው ማለፍ አልፈልግም። «ከእነዚህ ቤቶች ገሚሱ የመሳፍንት፣ ገሚሱ የጣሊያን ነው። የጨቋኝና የወራሪ ሐውልት ለምን እንጠብቃለን?» የሚል ነው።

ስሞቹን እንይ። ፒያሳ የጣሊያንኛ ቃል ነው። ካዛንቺስም ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋማቸው ስም የመጣ ነው። መርካቶ ዛሬ ባለበት ቦታ የሆነው ወራሪው ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት ባወጣው ዕቅድ፣ የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ ሥር አንስቶ የ«አገሬው ሰው ገበያ» ብሎ ወደ ምዕራብ ስለገፋው ነው። ይህንን ለልጄ ስነግረው ተረት እንዳይመስለው የማሳየው ነገር እፈልጋለሁ። ሕንፃ የሚጠበቀው ሠሪው ስለተወደደ አይደለም፤ ምስክር ስለሆነ ነው። ምስክሩ ሲጠፋ ወራሪው አይጎዳም፤ የተወረረው ታሪኩን የሚያስረዳበት ያጣል።

አስመራ ይህንን ጥያቄ ከእኛ ቀድማ መልሳለች። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በቅኝ ገዢ የተሠራችው ከተማ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የተመዘገበው የጣሊያን ክብር አይደለም። ያንን ከተማ በጉልበታቸው የሠሩት፣ በኋላም የራሳቸው ያደረጉት ኤርትራውያን ታሪክ ነው። ክንፉን እንደዘረጋ አውሮፕላን ሆኖ በ1938 እ.ኤ.አ. የተሠራው የፊያት ታልዬሮ የነዳጅ ማደያ ዛሬ የከተማዋ መታወቂያ ነው። ሐቁን ለመናገር፣ አስመራ የተረፈችው በፖሊሲ ብቻ አይደለም፤ ለማፍረስና ለመገንባት የሚሆን ገንዘብ ባለመኖሩም ነው። እኛ ገንዘቡ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ እየታየ ነው።

ሀብታም ከተማም ስቶ ያውቃል። ኒው ዮርክ እጅግ ግዙፍ የነበረውን የፔንሲልቬኒያ ባቡር ጣቢያዋን ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፈረሰች። ከተማዋ የተጸጸተችው ወዲያው ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1965 የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ሕጓን አወጣች። ከዚያ የምንማረው አንድ ብልሃት አለ። ታሪካዊ ቤት ያለው ሰው በመሬቱ ላይ ሊሠራው ይችል የነበረውን የፎቅ ብዛት በአቅራቢያው ላለ ሌላ ገንቢ እንዲሸጥ ይፈቀድለታል። አሮጌው ቤት ይቆማል፤ ባለቤቱ አይከስርም፤ ረጅሙ ፎቅም ከጎኑ ይሠራል። መሬቱ ሁሉ የመንግሥት በሆነበት ሀገር እንዲህ ያለ ማካካሻ ማድረግ ከኒው ዮርክ ይልቅ ለእኛ አይቀልም?

◆ ታዲያ ምን ይደረግ?

ሁሉም አሮጌ ቤት ይጠበቅ የምል ሰው አይደለሁም። ከአሥሩ ሰባቱ መፍረስ የነበረበት ሰፈር እኔ ራሴ አሳያችኋለሁ። የምጠይቀው ስንፈርስም ስንጠብቅም በሥርዓት እንዲሆን ነው።

1. መዝገቡ ይከፈት። በየወረዳው በቅርስነት የተያዘው፣ ተጠንቶ ያልተያዘውና ገና ያልታየው ቤት ተለይቶ ለሕዝብ ይታይ። ያልታየ ቤት አይፍረስ።

2. የሚያፈርሰውና የሚፈርደው ይለይ። አንድ ቤት «አርጅቷል» የሚለውን ውሳኔ የመሬቱ ተጠቃሚ ያልሆነ፣ አርክቴክትና የታሪክ ባለሙያ ያለበት ገለልተኛ አካል ይስጥ። ነዋሪውም ይግባኝ የሚልበት በቂ ጊዜ ይኑረው።

3. የማደስ መብት ይሰጥ። በታሪካዊ ቤት ውስጥ የሚኖር ተከራይ በራሱ ወጪ ቢያድስ ያወጣው ወጪ ይታሰብለት፤ ቤቱን ለመግዛትም ሆነ በረጅም ውል ለመያዝ ቅድሚያ ያግኝ። መንግሥት የማይጠግነውን ቤት ሌላው እንዳይጠግነው መከልከል የለበትም።

4. የሚፈርሰውም ሳይመዘገብ አይፍረስ። ፎቶ፣ ልኬት፣ የነዋሪዎች ቃል። ይህ ለአንድ ቤት የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። የሥነ ሕንፃና የታሪክ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ አይቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ምን ርዕስ አለ? እንጨቱ፣ በሩ፣ የሰገነቱ ጥልፍም ማገዶ ከሚሆን በአንድ ቦታ ይቀመጥ።

5. ሰው ከቤቱ ጋር ይቆጠር። ቤቱን አድነን ነዋሪውን ብናርቀው የሚቀረን ለፎቶ የሚሆን ግድግዳ ነው።

◆ የእናቴ ደረጃ

ባለፈው እሁድ እናቴ ጋ ሄጄ ነበር። ኮንዶሚኒየሙ አዲስ ነው ሊባል ይችላል። የደረጃው ብረት መደገፊያ ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተነቅሎ በሽቦ ታስሯል። የመተላለፊያው አምፖል ከተቃጠለ ወራት አልፈውታል። ጣሪያው ላይ ካለው የውሃ ታንከር የሚያፈስ ውሃ የላይኛውን ነዋሪ ግድግዳ አረንጓዴ አድርጎታል። «ለምን አትጠግኑትም?» አልኳት።

«የጋራ ነው እኮ ልጄ» አለችኝ። «ኮሚቴው ብር አላዋጣም ይላል፤ ሰው ደግሞ ኮሚቴውን አላምንም ይላል።»

የጋራ መኖሪያ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው የጋራ የሆነውን እንዲጠግኑ ተደንግጓል። ወረቀቱ ላይ ባለቤት አለው። ደረጃው ላይ ግን ያው የድሮው የሳሎናችን ታሪክ ነው። ሁሉም ያየዋል፤ ማንም አይነካውም። የኮሪደሩ አዲስ ንጣፍና መብራትም ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ይህንኑ ፈተና ይጠብቃል።

ለዚህ ነው ክርክሩ የናፋቂና የዘመናዊ ክርክር አይደለም የምለው። አሮጌውን መጠገን ያልለመደ ከተማ አዲሱንም አይጠግንም። ዛሬ የምንመርቀው ሕንፃ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የልጅ ልጆቻችን «አርጅቷል፣ ይፍረስ» ይላሉ፤ እኛም ባስተማርናቸው መንገድ ትክክል ይሆናሉ። በየሃምሳ ዓመቱ ከዜሮ የሚጀምር ከተማ ደግሞ ምንጊዜም ድሃ ነው፤ ሀብት ማለት ከትናንት የተረፈ ነገር ነውና።

በመጨረሻ አንድ ኑዛዜ። ጋዜጠኛ ነኝ፤ የስንቱን ሰፈር ታሪክ ጽፌያለሁ። ያደግኩበትን ቤት ግን አንድም ቀን ሆን ብዬ ፎቶ አንስቼው አላውቅም። ያለኝ ብቸኛ ፎቶ የዲግሪ ምርቃቴ ዕለት እናቴን አቅፌ የተነሳሁት ነው። ከጥቁሩ ጋውን ኋላ የሰገነቱ እንጨት ግማሹ ይታያል። ሌላው ግማሽ በእኔ ትከሻ ተሸፍኗል።

እናንተ አሮጌ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ካላችሁ ዛሬውኑ በረንዳችሁን፣ ደረጃችሁን፣ ኮርኒሳችሁን ፎቶ አንሱ። ሽማግሌ ካለ ቤቱን ማን እንደሠራው ጠይቁ። ማደስ ተከልክላችሁ ከሆነም የተከለከላችሁበትን ደብዳቤ አትጣሉ። አንድ ቀን «ቤቱ አርጅቷል» ሲባል ማን እንዳስረጀው የሚናገረው እሱ ነው።

ቸር ሰንብቱ።